በተራ የተደገመ ዳዊት

ወለተ ሐና ማንበብ የተማረችው የአባቷ ዐይን ስለ ደከመ ነው። አባቷ ከሰቆጣ ወደ ፃግብጂ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች አንዲት ደብር የንባብ መምህር ነበሩ። የዐይናቸው ብርሃን ሲጠፋ መጽሐፍ የሚያነብላቸው ወንድ ልጅ አልነበራቸውምና ሴት ልጃቸውን ከወይራው ሥር አስቀምጠው፣ እሳቸው ጋደም ብለው፣ ፊደሉን በቃላቸው እየነገሩ አስቆጠሯት። አለንጋ አልነበረም። እንቅልፍ ሲወስዳቸው ትምህርቱ ይቆማል፤ ሲነቁ ይቀጥላል። በዚህ አኳኋን ዳዊት ደገመች። ከዚያ እንደ እኩዮቿ ተድራ ቄስ ገብረ ኢየሱስን አገባች፣ አራት ልጆች ወለደች፤ ማንበቧንም ከባሏ በቀር ብዙ ሰው አያውቅም ነበር።

በአምሳ ስምንቱ ክፉ ቀን ዋግ ሲራብ ደብሩም አብሮ ተራበ። አባቷን የተኩት የኔታ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ላስታ ተሻገሩ፤ ተማሪዎቹም ወደየመጡበት ተበተኑ። ቄስ ገብረ ኢየሱስ የሞተውን ሲፈቱና ሲቀብሩ ከርመው ራሳቸው በተስቦ ሞቱ። ዝናቡ በኋላ ተመለሰ፤ የደብሩ ትምህርት ቤት ግን አልተመለሰም። ሰቆጣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነበረ፤ ሆኖም መንገዱ ግማሽ ቀን ያስኬዳልና፣ ፍየሎቿን የሚጠብቅላት ሌላ ሰው የሌላት መበለት ልጆቿን የምትልክበት አልሆነም። ስለዚህ ወለተ ሐና የባሏን ዳዊት ከተሰቀለበት ማኅደር አወጣችና ማስተማር ጀመረች።

የቤቷ ትምህርት ሰዓት አልነበረውም። ፍየሎቹ ከታለቡ በኋላ ፀሐይ ደጃፉ ላይ ስትደርስ መጽሐፉ ግቢው መካከል አትሮንስ ላይ ይዘረጋል። ትልቁ ልጅ አስማረ ገመድ ይገምዳል፤ ውዴ ትፈትላለች፤ ገበያው ባቄላ ይፈለፍላል፤ ትንሿ ማንጠግቦሽ ጫጩቶቹን ከጭልፊት ትጠብቃለች። ከአራቱ አንዱ እጁን ጠርጎ ይነሣና አንድ መስመር አንብቦ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ሁለተኛው ሁለተኛውን ያነባል፤ እንዲህ እያለ በዕድሜ ተራ ይዞራል። ማር በሚቆረጥበት ቀን ትምህርት የለም። በአረም ጊዜ ከመጽሐፉ ይልቅ በቃል የያዙትን እርሻው ላይ ይሉታል። አንድ ነገር ብቻ አይፈቀድም ነበር፦ የሌላውን ተራ መንጠቅ። አንዱ ቢያኮርፍ ወይም ቢታመም ሌሎቹ የእሱ መስመር የሚነበብበትን ያህል ዝም ብለው ይጠብቁና ያልፋሉ። "ቦታው የእሱ ነው" ትላቸው ነበር፤ "ሲመለስ ያገኘዋል።"

ጎረቤቷ አመተ ሥላሴ በአጥሩ ላይ እያየች ታላግጥባት ነበር።

"ወለተ ሐና፣ ልጆችሽ እየተማሩ ነው እያውደለደሉ?"

"ሁለቱንም።"

"አንቺስ?"

"እኔማ ማውደልደሉን ነው የማስተምረው፤ ፊደሉ በራሱ ይመጣል።"

ልጆቹም ይስቃሉ፤ በአገሩ ቋንቋ በኽምጣኛ ይሰዳደባሉ፤ ውዴ የገበያውን ባቄላ ትሰርቃለች፤ እሱም እንዝርቷን ይደብቃል። ቤቱ ጫጫታ የተሞላ ነበር።

ለመስቀል ሰሞን የደብሩ አለቃ ገብረ አማኑኤል መጡና ከግቢው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አለቃ ነገር የማያበዙ፣ ክፋትም የሌለባቸው ሰው ነበሩ።

"ወለተ ሐና፣ የባልሽን የቅዳሴ ተራ እስካሁን ሌሎች ካህናት ሸፍነውለታል። ለአገልግሎቱ የተሰጠውን የደብር መሬት ግን አገልጋይ የሌለው ቤት ሊበላው አይችልም። ጥምቀት ባለፈ ማግሥት አስማረ ፊታችን ቆሞ ዳዊት ያንብብ። ካነበበ ለድቁና እንልከዋለን፤ መሬቱም ይጸናላችኋል። ካላነበበ ለሌላ አገልጋይ እንሰጠዋለን።"

"አባቴ፣ ልጁ ዳዊት ከያዘ ገና መንፈቅ እንኳ አልሞላውም።"

"ታዲያ ምን ላድርግ? ቅዳሴ ልጅ እስኪያድግ አይጠብቅ።"

መሬቱ ከሄደ የሚሆነውን ለማወቅ ብዙ ማሰብ አያሻም ነበር። አስማረ እረኝነት ይቀጠራል፤ ውዴ ለዘመድ ትሰጣለች ወይም ቶሎ ትዳራለች፤ አራቱ በአንድ ጣሪያ ሥር አያድሩም። ወለተ ሐና ይህን እያወቀች ትምህርቱን አላጣደፈችም። ማጣደፍ አታውቅበትም ነበር።

በኅዳር የባሏ ወንድም መሪጌታ ዘበነ ከጽጽቃ መጡ። የወንድማቸው መሬት በሌላ ሰው እጅ ሊገባ መሆኑን ሰምተዋል። አንድ ጠዋት ከግቢው ጥግ ቆመው የልጆቹን ንባብ አዩ።

"ይህ ትምህርት ነው ወይስ የጥጃ ውሎ?" አሉ። "ጋጥ ያደርጋሉ፣ ይተኛሉ፣ እንደገና ጋጥ ያደርጋሉ።"

"ጥጃም መሪጌታ፣ በሬ የሚሆነው እንዲያው ነው።"

"ለጥምቀት ጥጃው ቢታረድስ?"

ወለተ ሐና ወደ ፍየሎቿ ዞረች። መሪጌታም ሌላ አልጠየቋትም። አስማረን ከቀፎዎቹ በስተጀርባ ወስደው አንዲት ትንሽ ቅል ሰጡት። በቅሉ ውስጥ አብሾ ነበረ። የቆሎ ተማሪ ቃል እንዲይዝለት የሚጠጣው ቅጠል ነው፤ አንዳንዱን ሊቅ አድርጎታል፣ አንዳንዱንም በየገደሉ እየጮኸ እንዲቀር አድርጎታል።

"ነገ በባዶ ሆድህ ብቻህን ትጠጣለህ። ለማንም አታቀምስም። ጠጥተህ ጨለማ ቤት ትተኛለህ። ገባህ?"

"ገባኝ፣ አያ ዘበነ። መራራ ነው?"

"ማር ገብቶበታል፣ ሆዳም!"

አስማረ ትእዛዝ የሚያፈርስ ልጅ አልነበረም። ለማንም አታቅምስ ሲባል የገባው ለባዳ አታቅምስ ማለት ነው። ውዴ፣ ገበያውና ማንጠግቦሽ ደግሞ ባዳ አይደሉም። በዚያ ቤት ማር የገባበትን ነገር ብቻውን የጠጣ ልጅ ታይቶ አያውቅም። በማግሥቱ ጠዋት እናቱ ገብስ ልትወቃ አውድማ ስትወርድ ታናናሾቹን ጠርቶ ወደ ፍየሎቹ ጉሮኖ ገባ፤ እንደ ንባቡም በዕድሜ ተራ እየተቀባበሉ ጠጡት።

ወለተ ሐና ስትመለስ አራቱ ጉሮኖው ውስጥ በአንድ ግድግዳ ተደግፈው አገኘቻቸው። ብሌናቸው ሰፍቶ የዐይናቸው ቀለም አይታይም ነበር። ፀሐይ ስትነካቸው ይጮኻሉ፤ ከአየር ላይ አንዳች ነገር እየለቀሙ በመዳፋቸው ይሰበስባሉ። አመተ ሥላሴ "ምች ነው" ብላ ዳማከሴ አሽታ አጠጣቻቸው። ትኩሳቱ ቀስ እያለ በረደ። ልጆቹ ተነሥተው በሉ፣ ጠጡ፣ ወደ ሥራቸውም ተመለሱ። ወለተ ሐና ተመስገን አለች።

ግን ቤቱ ጸጥ አለ። ውዴ ባቄላ አትሰርቅም፤ ገበያውም እንዝርት አይደብቅም። ኽምጣኛውን ተዉት፤ እርስ በርሳቸው መነጋገርም ተዉ። ጠብ የለም፤ ቀልድም የለም። አንዱ ውሃ ሲጠጣ ሌሎቹ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

አንድ ከሰዓት በኋላ እናታቸው ከእርከኑ ላይ ድንጋይ ስትክብ አስማረን ከወዲያኛው ተረተር ፍየል እየጠበቀ አንድ መስመር ሲል ሰማችው። ነፋሱ ወደ እሷ ነበር። አስማረ ዝም አለ። በዚያው ጊዜ ከሸለቆው፣ ከምንጩ በኩል፣ ውዴ የሚቀጥለውን መስመር አለች። ከምንጩ ተረተሩ አይታይም፤ ከተረተሩ የተነገረም ምንጩ ዘንድ አይሰማም። እሷ መካከል ላይ ስላለች ብቻ ሁለቱን ሰማች። ሦስተኛው የገበያው ድምፅ ከቤት ጣሪያ ላይ መጣ፤ ገብስ ያሰጣ ነበር። አራተኛውን አልሰማችም፤ እንደገና ግን አስማረ ጀመረ። መዝሙሩ ገና ያላስተማረቻቸው ነበር።

ድንጋዩን አስቀምጣ እስኪያበቃ ቆማ ሰማች። ሲያበቃ አራቱም ባሉበት ሥራቸውን ቀጠሉ።

በገበያ ቀን ማንጠግቦሽን አዝላ ወደ ሰቆጣ ሄደች። ሦስቱን ለአመተ ሥላሴ ትታቸዋለች። ሰቆጣ ልትደርስ ስትል ልጅቱ ጀርባዋ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ከዚያ በእንቅልፏ አንድ መስመር አለች፤ ዝም አለች፤ ሌላ መስመር አለች። ወለተ ሐና በዝምታው ውስጥ የሌሎቹን ሦስት መስመሮች በልቧ አነበበች፤ በትክክል ገጠሙ። ፀሐይ ከአናቷ ላይ ነበረች። ማታ ቤት ስትገባ "ቀትር ላይ ምን አላችሁ?" ብላ ውዴን ጠየቀቻት። ውዴ መዝሙሩን ነገረቻት። ያው ነበር።

በማግሥቱ አስማረን ብቻውን ይዛ የጠጡትን አወጣጣችና መሪጌታ ዘበነ ወዳረፉበት ቤት ሄደች።

"ልጆቼን ምን አጠጡብኝ?"

"ልጆችሽን? እኔ ለአንዱ ነው የሰጠሁት።"

"አንድ ብቻውን የሚጠጣ ልጅ የለኝም።"

መሪጌታ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ። "ለአራት ተካፈሉት? አብሾ እኮ አይከፈልም።"

"ከተከፈለስ?"

"እንጃ። ሲባልም አልሰማሁ።" ብድግ አሉና፣ "ዞሮ ዞሮ ለጥምቀት ልጁ ያውቃል" አሉ።

"አያውቅም። ሩቡን ነው የሚያውቀው።"

ይህንንም አይታዋለች። አስማረን መጽሐፉ ፊት አቁማ የእሱ ተራ ያልሆነውን መስመር በስንደዶ እየጠቆመች "ይኸን በል" ብትለው ልጁ ጎንበስ ብሎ ብራናውን ዐየ። ከዚያ በትሕትና፣ እንግዳ ሰው እንደሚያናግር፣ "እዚህ ላይ የተጻፈ ነገር የለም" አላት። ውዴ መጥታ ያንኑ መስመር ሳትደናቀፍ አነበበች፤ የሚቀጥለው ግን ለእሷም ባዶ ነበር።

ጥምቀት አለፈ። በማግሥቱ ወለተ ሐና ሦስቱን ልጆች ከደብሩ ወንዝ ማዶ ባለው መንደራቸው አመተ ሥላሴ ቤት አስቀምጣ አስማረን ብቻ ወደ ደብሩ ወሰደች። ብቻውን ከሆነ ምናልባት ገጹ ይሞላለት ይሆናል ብላ ነበር። ካህናቱ ከቅጥሩ ውስጥ ከዛፉ ሥር ተቀምጠዋል፤ መሪጌታ ዘበነም ከዳር አሉ። አለቃ መጽሐፉን ከመካከል ገልጠው ሰጡት።

አስማረ አንድ መስመር አነበበ፤ ድምፁ የጠራ ነበር። ከዚያ ዐይኑን ከገጹ ሳያነሣ ዝም አለ። ካህናቱ ትንፋሽ የሚወስድ መሰላቸው። ዝምታው ረዘመ። ልጁ ግን አልተጨነቀም፤ የሰው ንባብ እንደሚያዳምጥ ራሱን በቀስታ ይነቀንቅ ነበር። ቀጥሎ አምስተኛውን መስመር አነበበ።

"ልጄ፣ ዘለልህ" አሉ አለቃ።

"አልዘለልሁም፣ አባቴ። ተነበበ።"

"ማን አነበበው?"

አስማረ እንደገና እያዳመጠ ነበር። ዘጠነኛውን አነበበ። ገጹን እስኪጨርስ እንዲሁ ሄደ። ከካህናቱ አንዱ መሳቅ ጀምረው ተዉት።

አመተ ሥላሴ ነጠላዋን በእጇ ይዛ እየሮጠች ከቅጥሩ በር የደረሰችው በዚህ ጊዜ ነው።

"ወለተ ሐና! ነዪ ልጆችሽን ውሰጂልኝ! ሲጫወቱ ቆይተው ድንገት ተነሡና ፊታቸውን ወደዚህ አዙረው እየተቀባበሉ ማንበብ ጀመሩ። መጽሐፍ የለ፣ ምን የለ! ዝም በሉ ብል የሚሰማኝ የለም!"

"ምን ሲሉ ሰማሽ?" አሉ አለቃ።

"እኔ ግዕዝ የት አውቃለሁ፣ አባቴ? ውዴ ስትጀምር የሰማሁት ቃል ይኸ ነው" አለችና ቃሉን እንደ ሰማችው ተናገረች። አለቃ ወደ ገጹ ጎንበስ አሉ። አስማረ ከዘለለው የመጀመሪያው መስመር ራስ ላይ ያለ ቃል ነበር።

አለቃ ሦስቱ ልጆች እንዲመጡ አዘዙ፤ ከቅጥሩ ውጭ አቆሟቸው። አስማረን በውስጥ አስቀርተው፣ እሳቸው በበሩ መካከል ቆመው፣ ሌላ ገጽ ገለጡ። በግራ ጆሯቸው አንድ መስመር፣ በቀኝ ጆሯቸው ሦስት ሰሙ። ሌላ ገጽ ገለጡ። እንደገና ሌላ። ከዚያ መጽሐፉን አጠፉት።

"ዳዊቱ ሙሉ ነው" አሉ። "አንድ ፊደል አልጎደለም። እግዚአብሔር ያድርገው ሌላ፣ እኔ አላውቅም፤ የተባለው ይነበብ ነው፤ ተነቧል። መሬቱ ይጽናላችሁ። ግን አስማረ ባገለገለ ቁጥር ሦስቱ ከቅጥሩ ውጭ ይቁሙ። ሴቶቹም ከዚህ ደብር ርቀው አይዳሩ። አራቱ ካልተለያዩ መሬቱን የሚነካባችሁ የለም።"

"እሰይ!" አሉ መሪጌታ ዘበነ።

ወለተ ሐና ለዚህ ቃል ነበር ወራቱን ሁሉ ስትጸልይ የከረመችው። ልጆቿን በፊቷ አሰልፋ ዐየቻቸው።

"እናንተስ ምን ትላላችሁ?"

"እኛ" አለ አስማረ።

"ከዚህ" አለች ውዴ።

"የትም" አለ ገበያው።

"አንሄድም" አለች ማንጠግቦሽ።

ቃሉ ሳይቆራረጥ በአንድ ትንፋሽ ነው የወጣው። ድምፁ ከአራቱ የማናቸውም አልነበረም።

ወለተ ሐና ወደ መሪጌታ ዞረች። "ይህ ነገር ማርከሻ አለው አይደል?"

"አለው። ግን የያዙትን ሁሉ ይዞ ይወጣል። ፊደሉም ይሄዳል።"

"ይስጡኝ።"

"አብደሻል? መሬቱስ?"

"ለአገልጋይ ይስጡት።"

"ልጆችሽ ይበተናሉ!"

"አዎ፣ ይበተናሉ" አለች። "አሁን ግን የሚበተንም የለኝ። አንድ ነው ያለኝ፤ እሱንም አላውቀውም።"

አለቃ ሊያግዷት አልሞከሩም። መሪጌታ ዘበነ ማርከሻውን በገዛ እጃቸው በጥብጠው አመጡ። ልጆቹ ጠጥተው አስታወኩ፣ ከዚያም ከባድ እንቅልፍ ጣላቸው። ሲነቁ መጀመሪያ የተሰማው የገበያው ለቅሶ ነው፤ አስማረ በእንቅልፉ ተራግጦ ረግጦታል። ውዴ በኽምጣኛ ሁለቱንም ሰደበች። ወለተ ሐና ከደጅ ቆማ ስድቡን ሰማችና ተቀመጠች። መጽሐፉን ስታሳያቸው አራቱም እንደ ማያውቁት ነገር ዐዩት።

ለበልግ መሬቱ ለሌላ ካህን ተሰጠ። አስማረ ወደ ኒሯቅ ሄዶ ከአንድ ባለፍየል ቤት ተቀጠረ። ውዴን አክስቷ ወሰደቻት። መሪጌታ ዘበነ ከዚያ ቀን ወዲህ ወለተ ሐናን ቀና ብለው አላዩም፤ ገበያውን ግን እንደ ልጃቸው ይዘው ወደ ጽጽቃ ተመለሱና ከሀ ጀምረው አስቆጠሩት። ፊደል ዘገየበት ተባለ። ወለተ ሐና ከማንጠግቦሽ ጋር ቀረች፤ የሰው መሬት የእኩል ታሳርሳለች፣ አረሙን ራሷ ታርማለች። ልጅቱንም እንደ ቀድሞው ያለ ሰዓትና ያለ ችኮላ ማስተማሯን አልተወችም። ማንጠግቦሽ ገና ከፊደል ገበታው አልወጣችም ነበር።

በዚያው ዓመት ነሐሴ እናትና ልጅ ጎን ለጎን የጤፍ አረም ሲነቅሉ ጉም ከሸለቆው ወጥቶ እርሻውን ሸፈነው፤ የመንደሩ ቤቶች ጠፉ። ማንጠግቦሽ አቀርቅራ እየነቀለች አንድ መስመር አለች። የራሷ ተራ መስመር ነበር። ወለተ ሐና እጇን ገታ አድርጋ፣ በዱሮው ልማድ፣ የሌሎቹ ዝምታ እስኪያልፍ ጠበቀች።

ዝምታ አልመጣም። ልጅቱ ሳታቋርጥ የሚቀጥለውን መስመር በአስማረ ድምፅ አለች፤ ሊጎረምስ ሲል የተሰነጠቀው፣ ወደ መጨረሻው የሚወፍረው ድምፅ። ከዚያ የውዴን በውዴ፣ እንደ ሁልጊዜው ተቻኩላ። ከዚያ የገበያውን በገበያው፣ በአፍንጫው።

"ማንጠግቦሽ! ማን አስተማረሽ?"

"ማንም" አለች ልጅቱ በራሷ ድምፅ፣ አረሙን ከጤፉ እየለየች። "ቦታቸው ባዶ ሆነ፤ ያዝኩላቸው። አንቺ ሲመለሱ ያገኙታል ትዪ የለ?"

"እነሱስ... እነሱ አሁን ምን ይዘዋል?"

ማንጠግቦሽ ጥያቄው አልገባትም፤ ወይም አልሰማችም። የነቀለችውን እቅፍ አረም ወደ ድንበሩ ወረወረችና ቀጣዩን መዝሙር ጀመረች።

ወለተ ሐና ልታስቆማት አፏን ከፈተች። ማርከሻው የተበጠበጠበት ቅል እቤት ነበር፤ ጽጽቃም መሪጌታ ዘንድ ሰው መላክ ይቻላል። ጉሙ ውስጥ አስማረ መስመሩን ጨርሶ ውዴ ተቀበለች። እናታቸው እርጥቡ አፈር ላይ ተቀመጠች። የልጆቿን ድምፅ ከሰማች መንፈቅ ሊሞላት ነበርና በይ ዝም በይ ለማለት አልቻለችም።